ከኋላ ሲታይ

እጇን ከፍ አድርጋ መዳፏን ዘረጋች። ቁም ማለቷ ነበር።

ሾፌሩ ግን ሰላም ያለችው መሰለው። ፈገግ ብሎ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አነሣና አጸፋውን መለሰ፤ መንዳቱንም አላቆመም። የከባድ መኪናው የፊት ጎማዎች ሊቆሙባቸው በሚገባቸው ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ከማዶ የተጋደመውን ረጅም የእንጨት መለኪያም ቀጭ አድርገው ሰበሩት።

«ቁም! ቁም እንጂ አንተ ሰው!» ጎሚስታው ከጎማ ክምሩ ላይ ዘሎ ወረደ።

መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ የተሰበረውን እንጨት አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ የገዛ እጁን አየ።

«ሰላም ያልሽኝ መስሎኝ ነው» አለ።

«ይቁሙ ነው ያልኩት።» ድምጿ ከሞተሩ ድምፅ በላይ አልወጣም።

«ምን?»

«ይቁሙ።»

«አሁንማ ቆሜያለሁ።»

ጎሚስታው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጎማ ተደገፈ። «የእኔ እህት፣ ለእኩያሽ አንቱታ ምን ይሠራል? አንቱ ስትዪው ሸመገለና ዓይኑ ጠፋ!»

እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ግን ጋለ። የመለኪያውን ሁለት ቁራጭ ከጎማው ሥር ስባ አወጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ለምን እንዳስቀመጠቻቸው አላወቀችም፤ እንደገና የሚገጥሙ አልነበሩም።

«ሌላ አመጣለሁ» አለ ሾፌሩ።

«ግድ የለም። መኪናው ምን ሆኖ ነው?»

«ወደ ግራ ይስባል።»

«ግራ የገባው ሾፌር፣ ወደ ግራ የሚስብ መኪና» አለ ጎሚስታው። «ሲያገናኝ እንዲህ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጋራዡ ውስጥ የሾፌሩ ስም ግራ ገብ ሆነ። እሷም ብትሆን ስም አላጣችም፤ ሁሉም ሚሊሜትር ይሏታል። ሰው «ትንሽ ዞሯል» ሲላት «ስንት ሚሊሜትር?» ብላ ስለምትጠይቅ ነው።

ጋራዡ የአጎቷ ነበር። ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ሰው ቆሞ ከመኪና ሥር የሚሠራበት ጉድጓድ አለው። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «የተጫነ መኪና አይግባ» የሚል ተጽፏል። ድሮ ጭነት የሞላ መኪና ገብቶ የጉድጓዱን ከንፈር ሰንጥቆት ነበር። አጎቷ ስሚንቶውን እንደገና ካስፈሰሰ በኋላ ጽሑፉን በገዛ እጁ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መኪና ባዶውን ይገባል፣ ባዶውን ይለካል፣ ባዶውን ይወጣል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ «ሥራ እስክታገኚ» ተብላ መጥታ ነበር፤ አሁን ሥራዋ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ከባድ መኪና ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነ ታያለች፤ ካልሄደም ታቃናለች።

በዚያን ቀን ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ለካች። የፊት ጎማዎቹ ከፊታቸው ከሚገባው ትንሽ ከፈት ብለው ነበር። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ ፈታ አድርጋ አዞረችው፣ አጠበቀችው፣ እንደገና ለካች። ሾፌሩ ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጢጥ ብሎ ያያታል። የእጅ ባትሪዋን ስታነሣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ቶሎ መለሰችው።

«ልክ ሆኗል» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ። መለኪያሽን አልረሳም።»

መኪናው ሲወጣ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃዋን መወልወል ጀመረች። ማንም ሲሄድ አታይም። የሚሄድ ሰውን ቆሞ ማየት አንድ ነገር ሲመኙ እጅ ከፍንጅ እንደ መያዝ ይመስላት ነበር።

*

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጎሚስታው ከሩቅ አይቶት «ሚሊሜትር! ግራ ገብ መጣልሽ!» ብሎ አዳራሹን በሙሉ አስተጋባው።

ሾፌሩ በዚህኛው ጊዜ እጇን ገና ሳታነሣ ቆመ። ከጋቢናው ሲወርድ ረጅም የእንጨት መለኪያ ይዟል። በራሱ እጅ የሠራው መሆኑን የሚናገረው እንጨቱ ራሱ ነበር፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ብዙ ተፈትጎ እንደ ሳሙና ለስልሷል፤ ቁጥሮቹ ግን አንዱ ተልቆ አንዱ አንሷል።

«ወንድሜ አናጢ ነው። መጋዙን አውሼው ነው» አለ፤ ከዚያ ራሱን አረመ፤ «ተውሼው።»

«ያምራል።»

«ይሠራል ወይ?»

«ይሠራል።»

ማንም በማያያት ሰዓት በብረት ሜትር ለካችው። ሦስት ሚሊሜትር ያጥራል። አልነገረችውም። ለሥራ ሌላ ገዙ፤ የእሱን ግን ከመሣሪያ ሳጥኗ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«መኪናውስ?» አለችው።

«ይስባል።»

ለካች። ምንም የለም። የፊት ጎማዎቹ ልክ ናቸው፣ የመሪው ዘንግ አልላላም፣ የጎማ ንፋሱ እኩል ነው። ሁለተኛ ለካች። ልክ ነው።

«ምናልባት መንገዱ ወደ ግራ አዘቅዝቆ ይሆናል» አለች።

«ሁሉም መንገድ?»

መልስ የነበረው ጎሚስታው ነው። ሾፌሩ ከወጣ በኋላ አጠገቧ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየሽ፣ የጎማ ሕመም አለ፣ የመሪ ሕመም አለ። የዚህኛው ሕመም ግን ጋቢና ውስጥ ነው የተቀመጠው።»

«ተው እባክህ።»

«እኔ ምን አልኩ? ጤነኛ መኪና እየነዱ ጋራዥ መመላለስ የጤና ነው አልኩ እንዴ?»

ይህ ሐሳብ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልመጣባትም ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ አልመጣባትም።

ማታ እራት ላይ እናቷ ሁለት ጊዜ ጠርታት አልሰማችም።

«ጨው ስጪኝ ስልሽ ውሃ ታቀብይኛለሽ። ምን ሆነሻል?»

«አንድ መኪና ነው እማዬ። ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ከጎማና ከግራሶ ጋር ልታረጂ ነው።» እናቷ ጨውን ራሷ ተነሥታ አመጣች። ስትቀመጥ አየት አደረገቻት። «ሾፌር የለውም መኪናው?»

«አለው።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ ሌላ አልጠየቀችም።

*

ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ መሪው መሃሉ ላይ መሆኑን ለማየት ጋቢናው ውስጥ መግባት ነበረባት። እሱ በሌላው በር ገብቶ ጎኗ ተቀመጠ። ጋቢናው ንጹሕ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር አንዲት ማበጠሪያ፣ አንቴናው የተሰበረ ትንሽ ሬዲዮ፣ ከመቀመጫው ጀርባ በጥንቃቄ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ሳትጠራ የገባች መሰላት።

መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አወዛወዘችው። ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። ያኔ አንድ ነገር በራሷ ላይ አስተዋለች፤ ምንም ብልሽት ባታገኝ ትመርጣለች። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ሰውየው የሚመጣው ለሌላ ነገር ነው። መኪናው ከታመመ ግን የሚመጣው ለመኪናው ብቻ ነው። እንዲህ እያሰቡ መለካት ልክ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ ወርዳ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ለካች። ምንም አላገኘችም። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች።

ወደ ጋቢናው ተመልሳ መሪው እንዳይዞር ያሠረችውን ማሰሪያ ስትፈታ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አላት።

«ይጠይቁ።»

«አሁንም አንቱ?»

«ለምጄ ነው።»

«ጎሚስታውን አንተ ነው የምትይው።»

«እሱ... ጎሚስታው ነው።»

ሳቀ። ውጭ አንድ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል። እሱ ወደ ጎን፣ በመስኮቱ ወደ ስፖኪዮው አየ።

«ከዚህ ስወጣ በስፖኪዮ አያለሁ» አለ። «ሁልጊዜ የማየው ጀርባሽን ነው።»

እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ። አንድ ነገር ማለት እንዳለባት አውቃ ነበር፤ የመጣላት ግን «የመሪው ማሰሪያ ጠብቋል» የሚል ብቻ ነበር። ያንኑ አለች። እሱም ጠብቆ ያልነበረውን ማሰሪያ ፈታላት።

የዚያን ቀን ሲወጣም ጀርባዋን ሰጠች። መዞር ፈልጋ ነበር። እንደሚያያት ካወቀች በኋላ ግን ጭራሽ ከበፊቱ ባሰባት።

*

በአራተኛው ጊዜ ብቻውን አልመጣም። ባለመኪናው አብሮት ነበር፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር፣ ተቀምጦ እንኳ የሚቸኩል የሚመስል ሰው። አጎቷም ከቢሮው ወጣ።

«ይህ ልጅ መኪናው ይስባል፣ ይስባል እያለ አደነቆረኝ» አለ ባለመኪናው። «አዲስ መንገድ ልሰጠው ነው፤ እንዲህ የሚያለቅስ ከሆነ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ። እስቲ እንደ ባለሙያ ተናገሩ። መኪናዬ ጤነኛ ነው፣ አይደለም?»

አጎቷ ራሱ ጉድጓድ ገባ። እሷ ባትሪ ያዘችለት። ለክቶ ሲወጣ እጁን እየጠረገ ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች አየው። ጎሚስታው የሚያወራው ሁሉ ጆሮው ደርሶ ኖሯል።

«ስማ ልጄ» አለ። «መኪናው ምንም የለውም። ሌላ ጉዳይ ካለህ ግን በበር ግባ። መኪናዬ ታመመ እያልክ በአጥር አትዝለል።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጎሚስታው ብቻ፣ ነገሩን የጀመረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አልሳቀም።

ሾፌሩ ሌላውን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሁሉም አያት። አጎቷ፣ ባለመኪናው፣ ጉድጓዱ ዙሪያ የቆመው ሁሉ። ምን እንደሚጠይቃት ራሱ አልገባትም። ስለ መሪው ነው? ስለ ሌላው ነው? ልክ ነው ብትል ውሸታም አድርጋዋለች። ልክ አይደለም ብትል ደግሞ ያላየችውን ተናግራለች፤ ያላየችውን ተናግራ አታውቅም።

«ምንም አላገኘሁም» አለች።

እውነት ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን እውነት አልመስል አላት።

«መኪናው ይስባል» አለ እሱ፤ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ።

ያኔ የባሰ ግራ ገባት። እንግዲያው የሚመጣው በእርግጥ ለመኪናው ነበር ማለት ነው? ሰው ሁሉ ፊት፣ አጎቷ በሩን ከፍቶለት እንኳ፣ «መኪናው» ነው ያለው። ውሸታም ባለመሆኑ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ደግሞ ውሸታም ቢሆን ትመርጥ ነበር። በዚህ መሃል ባለመኪናው «በቃ፣ ሰማህ!» ብሎ ቁልፉን ወረወረለት፤ መኪናው ተነሣ፣ ወጣ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ንጹሕ ቁልፍ እንደገና ወለወለች።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ጎሚስታውም ስሙን አላነሣም። አንድ ቀን ብቻ ሻይ ይዞላት መጥቶ ብርጭቆውን አጠገቧ አስቀመጠና፣ «አፌን በላስቲክ መድፈን ነበረብኝ» አለ።

«የአንተ ጥፋት አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«አላውቅም» አለች። እውነትም አታውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን፣ ሦስት ሚሊሜትር የምታጥረውን መለኪያ ቀና ብላ አየች። ቢዋሽ ኖሮ፣ ስታስበው፣ ከዚህ የተሻለ ውሸት በፈለገ ነበር። ጎማ ተነፈሰ ማለት ይቀላል። ሞተር ሞቀ ማለት ይቀላል። ሰው ማንም የማያገኘውን ብልሽት ለምን ይመርጣል?

*

ሾፌሩ ተመልሶ የመጣው ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት ነው። በእግሩ ገባ። ፀጉሩ ረጥቧል።

«ዛሬ በእግርህ?» አለ ጎሚስታው፤ ከዚያ አንደበቱን ነክሶ ወደ ጎማዎቹ ተመለሰ።

«ተጭኛለሁ፤ መግባት አልችልም። ውጭ አቁሜያለሁ» አለ ሾፌሩ ለእሷ። «ልሰናበትሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መንገዴ በቁልቁለቱ በኩል ወደ ወደቡ ነው። መቼ በዚህ እንደማልፍ አላውቅም።»

«መኪናውስ?»

«ይስባል።»

«አሁንም?»

«ሲጫን ደግሞ ይብስበታል።»

ይህን ቃል ልብ ልትለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ትንፋሽ ወስዶ ቀጠለ፤ የቀጠለው ነገርም የቀደመውን ሁሉ ከጆሮዋ አወጣው።

«አጎትሽ በበር ግባ ሲለኝ መልስ አልሰጠሁም። አልቻልኩም። መኪናው ይስባል ብል ለአንቺ አልመጣሁም ማለት ሆነ። ለአንቺ ነው የመጣሁት ብል መኪናው ደኅና ነው ማለት ሆነ። እስካሁን ሳስበው ከረምኩ። ሁለቱም እውነት ነው እኮ። መኪናውም ይስባል። እኔም ላይሽ ነው የምመጣው።»

ሁለቱም። ስንት ቀን ሙሉ አንዱን ለመምረጥ ስትታገል ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም። አፏን ከፈተች። ልቧ ሌላ እያለ ምላሷ የለመደውን አወጣ።

«በሰላም ይግቡ» አለች።

ትንሽ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ቅር ያለው እንኳ አይመስልም ነበር፤ የጠበቀውን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ወጣ።

እጇ ጨርቁን አነሣ። ዕቃዎቿ ፊት ቆማለች፤ ጀርባዋ ለበሩ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ሰማች። አሁን በስፖኪዮው እያየ ነው፤ አሁን የሚያየው ጀርባዬን ነው ስትል አሰበች። ጨርቁን ጣለችው።

ወደ በሩ ስትደርስ መኪናው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ነበር። ከበሩ ፊት ያለውን የውሃ ጥርቅም ተሻግሮ፣ ዝናቡ ገና ያላራሰው የዛፎቹ ጥላ ሥር ገብቶ፣ መስመሩን ይዞ ቀጥ አለ። ሸራው ታስሯል፤ ከሸራው ሥር የስሚንቶ ከረጢቶቹ ተደርድረዋል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰውን ቆማ አየች።

ከዚያ ዓይኗ መሬት ላይ ወረደ።

ደረቁ አስፋልት ላይ የጎማዎቹ እርጥብ ዱካ ቀርቷል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ ይውጠዋል፤ በየጎኑ አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። እዚህ ግን የፊቱ ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው ነው። የፊት ጎማዎቹ ዱካ በስተግራ፣ የኋላዎቹ በስተቀኝ፤ በመሃላቸው አንድ ጋት የሚሆን ደረቅ ቦታ። ቀና አለች። አሁን መኪናውንም አየችው፤ ጭራው ወደ ቀኝ ወጥቷል፤ ከኋላ ሆና የግራውን የፊት ጎማ ልታየው አይገባም ነበር፤ ይታያል። መኪናው በጎኑ ነው የሚሄደው። የታመመው ፊቱ አይደለም። ፊቱን ብቻ ሲለኩ ኖረዋል፤ ያውም ባዶውን፤ ያውም ቆሞ። ሲጫንና ሲገፋ ደግሞ ማንም ከኋላው ቆሞ አላየውም፤ የሚሄድ መኪና የማታይ ባለሙያ ነበረቻቸው።

ቁልቁለቱ ትዝ አላት።

ሮጠች። ቱታዋን ለብሳ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ ሮጠች። ሰላምታ እንዳይመስለው ፈራች፤ ስንብት መስሎት አጸፋውን መልሶ እንዳይሄድ ፈራች። ግን እጇን ዝቅ አላደረገችም።

የፍሬኑ መብራት ቀላ። መኪናው ተንፍሶ ቆመ። ራሱን በመስኮት አወጣ።

«ሰላም ነው ወይስ ቁም?»

«ቁም!» አለች። ድምጿ ከሞተሩ በላይ ወጣ። «ቁም፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድ! ወርደህ ዱካህን እይ!»

ወረደ። መጀመሪያ ያየው ዱካውን ሳይሆን እሷን ነበር። «አንተ አልሽኝ» አለ።

«ዱካውን እይ አልኩህ!»

ጎን ለጎን ሆነው አዩት። ዝናቡ በቅጠሎቹ መሃል መንጠባጠብ ጀምሮ መስመሮቹን እያጠፋቸው ነበር፤ ቢሆንም ይታያሉ። የግራና የቀኙን በጣቷ እያሳየች ነገረችው። የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስል አንድ ጎኑ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ስለዚህ ጭራውን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ አፍንጫው ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል። «ስንለካህ ባዶህን ነው። ባዶህን ስትሆን ልክ ነህ።»

«እኔ ወይስ መኪናው?»

«መኪናው!» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

እሱ ከጋቢናው ያወጣላትን ካርቶን አንጥፋ ከመኪናው ሥር ገባች። የእጅ ባትሪውንም ያዘላት። የኋላውን አክስል ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አጥብቆ የሚይዘውን የቀኙን ዘንግ አገኘችው። ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ የሚሉት የላስቲክ ቀለበት ተበልቶ አልቋል፤ ጣቷ በክፍተቱ ገባ። መኪናው ባዶውን ሲቆም ዘንጉ ቦታው ይመለሳል። ጭነት ሲያርፍበትና ሞተሩ ሲገፋው ይሸሻል።

«አገኘሁት» አለች ከሥር።

«ስንት ሚሊሜትር?»

«ብዙ።» ከመኪና ሥር ሆና ፊቷ አይታይም፤ የእሱ ጫማ ብቻ ይታያታል። እዚያ መናገር ቀለላት። «ቅድም ያልከው ነገር...»

«የትኛው?»

«ሁለተኛው።»

የባትሪው ብርሃን ከዘንጉ ላይ ሸሸ።

«ስትሄድ ጀርባዬን የማዞረው እንዳላይህ አይደለም» አለች። «እንዳታየኝ ነው።»

እሱ ቁጢጥ አለ፤ ጉልበቱ አስፋልቱን ነካ፤ ከዚያ አንገቱን አጎንብሶ ከሥር አያት። በዚህኛው ጊዜ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ቶሎ የመለሰው እሱ ነበር።

አጎቷ ጃንጥላ ይዞ ሲደርስ ዱካው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል ጋሼ» አለች፣ ከሥር እየወጣች። «ተጭኖ ስላልገባ አላየነውም። እኔም ሲወጣ አላየሁትም።»

አጎቷ ወደ በሩ ዞሮ የገዛ እጁን ጽሑፍ አየ። «በዚህ መኪና ቁልቁለቱን ሊወርድ ነበር» አለ፤ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ጃንጥላውን ወደ ሾፌሩ ጠጋ አደረገ። «ልጄ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ለተናገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«የትኛውን ጋሼ?»

«በአጥር ያልኩህን።»

«እሱስ ግማሹ እውነት ነው።»

አጎቷ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ግራሶ የተቀባችውን የእህቱን ልጅ አየ። ጎሚስታው ከበሩ ሥር ቆሞ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኗል።

«እንግዲያው በሩን ታውቀዋለህ» አለ አጎቷ።

የስሚንቶውን ጭነት በዚያው ቀን ሌላ መኪና ወሰደው። ለባለመኪናው ስልክ ደውላ ምን እንዳገኘች የነገረችው እሷ ነበረች፤ ሲቆጣ ጠበቀችው፤ ሲጨርስ ደግማ ነገረችው። ቀይ ጽሑፉን አጎቷ አላጠፋውም፤ ከሥሩ ግን «የተጫነው ከበሩ ውጭ ይታያል» የሚል ጨመረ። ጎሚኒው ተቀየረ። መኪናውን ጭነው ሲሞክሩት እሷ ከኋላ በመንገዱ መሃል ቆማ እስኪርቅ ድረስ አየችው። በየጎኑ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ሾፌሩ አናጢውን ታላቅ ወንድሙን አስከትሎ እናቷ ቤት መጣ። መኪናውን ይዞ አልመጣም።